ምዕራፍ ሰባት፦ መሬቱ የከተማው፣ ሰማዩ የዋሽንግተን

የሳንታ ሞኒካ ኤርፖርት ሻንጣ የጫነ መንገደኛና ዘመድ የሚሸኝ ሕዝብ አያውቅም። ከሎስ አንጀለስ በስተ ምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ፣ 92 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የተዘረጋ አንድ ማኮብኮቢያ ነው። ተጠቃሚዎቹ በአንድ ወገን ከበረራ ትምህርት ቤት የሚወጡ ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች፣ በሌላ ወገን ባለሀብቶችን የሚያመላልሱ የግል ጄቶች ናቸው። እስከ 2017 ድረስ ከማኮብኮቢያው ጫፍ እስከ ቅርቡ መኖሪያ ቤት ያለው ርቀት 100 ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ጄቱ ተራውን ሲጠብቅ የሞተሩ ጭስ የሰው ጓሮ ድረስ ይዘልቃል፤ ሲነሳ ደግሞ ስልክ የሚያወራው ሰው "አንዴ ቆይኝ" ብሎ እስኪያልፍ ይጠብቃል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እጠቅሳለሁ።)

ከታወቁት ታላላቅ ኤርፖርቶች ይልቅ ይህን ትንሽ ሜዳ የመረጥሁት፣ በሌላ ቦታ ተበታትኖ የሚገኘው ጥያቄ ሁሉ እዚህ ስለተጠራቀመ ነው። መሬቱ የከተማው ነው፤ ኤርፖርቱን የሚያስተዳድረውም ከተማው ነው፤ የከተማውን ምክር ቤት የሚመርጡት ደግሞ እነዚያው እንቅልፍ ያጡት ነዋሪዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ከተማ "በቃ፣ ጄት አይግባብኝ" ቢል ማን ይከለክለዋል? ሃምሳ ዓመት ገደማ የፈጀው ሙግት ያሳየው ከልካይ እንዳለ ነው።

ማን ቀደመ?

በየትኛውም አገር የኤርፖርት ጎረቤት አቤቱታ ሲያቀርብ ከአብራሪዎች ዘንድ የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ አንድ ነው፦ ቤቱን ስትገዛ ኤርፖርቱ እዚያው ነበር። በሳንታ ሞኒካ ይህ እውነት ነው፤ እውነቱ ግን ከዚያም ይጠልቃል። ከተማው ሜዳውን የገዛው በ1926 ሲሆን የዳግላስ አውሮፕላን ፋብሪካ ዋና መናኸሪያው ያደረገው እሱኑ ነው። ዲሲ-3 የተባለው አውሮፕላን በዲሴምበር 1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ከዚህ ሜዳ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47 የዚሁ ዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም ነበርና፣ የእኛም አቪዬሽን የዘር ግንድ እዚህ ሜዳ ይደርሳል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው ከ40 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። የጠላት አውሮፕላን እንዳይለየው ሕንፃዎቹና ሜዳው በሽቦ መረብ ተሸፍነው፣ ከላዩ የውሸት ቤትና የውሸት ዛፍ ተተክሎበት ከሰማይ ሲታይ ተራ ሰፈር እንዲመስል ተደረገ። እውነተኞቹ ቤቶች ግን ዙሪያውን እየበቀሉ ነበር፤ የተሠሩትም በአብዛኛው ለፋብሪካው ሠራተኞች ነው። ሰፈሩ ኤርፖርቱን ተከትሎ የመጣ ብቻ ሳይሆን ኤርፖርቱ የወለደው ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ከበላያቸው የሚያልፈውን ድምፅ ነዋሪዎቹ የሚሰሙት እንደ እንጀራቸው ድምፅ ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው በጄት ዘመን ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ዳግላስ ዲሲ-8 የተባለውን ጄት ለመሥራት ማኮብኮቢያው እንዲረዝምለት ጠየቀ። ማርዘም ማለት ቤቶችን ማፍረስ ማለት ስለነበር ከተማው እምቢ አለ። ፋብሪካው ዲሲ-8ን ይዞ ወደ ሎንግ ቢች ሄደ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽም ሳንታ ሞኒካን ጨርሶ ለቀቀ። የሚያሳዝነው ምፀት ይህ ነው፦ እንጀራው ሄደ፣ ማኮብኮቢያው ቀረ፣ የባለሀብቶች ጄቶች ደግሞ መጡ። ስለዚህ "ስትገዛ ነበር" ለሚለው መልስ ነዋሪው "ስገዛ የነበረው ይህ አልነበረም" ቢል አልዋሸም።

አዲስ አበባም ተመሳሳይ ታሪክ አላት፤ መፍትሔው ግን ሌላ ነበር። አየር መንገዳችን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቦይንግ 720 ጄቶችን ሲያስመጣ የልደታው ማኮብኮቢያ አልበቃ አለ። ያን ጊዜ ከከተማው ዳር የነበረው ቦሌ ተመረጠ፤ ከልደታ በኩል የቀረልን ኦልድ ኤርፖርት የሚለው የሰፈር ስም ነው። ዛሬ ቦሌም በተራው በከተማ ተከቧል።

አማካዩ የሚደብቀው

ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት ልኬቱን እንይ፤ አብዛኛው አለመግባባት የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ጉልበቱ 10 እጥፍ ይሆናል፤ ጆሮ ግን የሚሰማው እጥፍ ያህል እንደጮኸ አድርጎ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የኤርፖርት ጎረቤት "ተጎድቷል" የሚለው የዓመቱ የቀንና የሌሊት አማካይ 65 ዴሲቤል ሲደርስ ነው። በዚህ ስሌት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት የሚደረግ በረራ 10 ዴሲቤል ቅጣት ይጨመርበታል፤ አንድ የሌሊት በረራ እንደ አሥር የቀን በረራ ይቆጠራል ማለት ነው።

አሁን በወረቀት እናስላው። የአንድ በረራ ድምፅ ከመምጣቱ እስከ ማለፉ ያለው ጉልበት ተጠቃሎ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እንደተሰማ ሲቆጠር 95 ዴሲቤል ሆነ እንበል። በጓሮህ ቡና እየጠጣህ ከሆነ እንዲህ ያለ በረራ ጨዋታህን ያስቋርጥሃል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍ ግን የዕለቱ አማካይ 46 አይሞላም፤ ቀሪዎቹ 86 ሺህ ገደማ ሰከንዶች ፀጥ ያሉ ናቸውና ያቀልሉታል። በቀን 40 ጊዜ ቢያልፍ 62 እንኳ አይደርስም። 65 ለመድረስ 87 ያህል እንዲህ ያሉ የቀን በረራዎች ያስፈልጋሉ፤ ሌሊት ከሆነ ግን ዘጠኝ ይበቃሉ።

አማካዩ ለታላቅ ኤርፖርት ሊያገለግል ይችላል፤ እዚያ ድምፁ አይቋረጥምና። ትንሽ ኤርፖርት አጠገብ ያለው ሰው የሚኖረው ግን በአማካይ ሳይሆን በተናጠል ነው። በቀን 40 ጊዜ ወሬው የሚቋረጥበት ሰው በድምፅ ካርታው ላይ ከ65 ዴሲቤሉ መስመር ውጪ ነው፤ የመስኮት መስተዋት በመንግሥት ወጪ አይደረብለትም፤ አቤት ሲልም መሥሪያ ቤቱ ካርታውን ያሳየዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚመራበት የድሮ ጥናት 65 ላይ እጅግ የሚማረሩት ከመቶ 12 ያህል ናቸው ይል ነበር። ራሱ አቪዬሽን አስተዳደሩ በ20 ኤርፖርቶች ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ በ2021 ያወጣው ውጤት ግን በዚያው ልክ ላይ ከግማሽ በላይ እንደሚማረሩ አሳየ። 65 ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የዶሮ አርቢውና የኤርፖርት ባለቤቱ

ለመሆኑ ከጣሪያ በላይ ያለው አየር የማን ነው? የድሮው የእንግሊዞች ሕግ የመሬቱ ባለቤት እስከ ሰማይ ድረስ ባለቤት ነው ይል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ አጠገብ ዶሮ ያረባ የነበረው ካውስቢ የተባለ ገበሬ ይህን እምነት ይዞ መንግሥትን ከሰሰ። የጦር አውሮፕላኖች ከግቢው በላይ በ25 ሜትር ከፍታ ያልፉ ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ እየተላተሙ ሞቱ፤ 150 ያህሉ አለቁ፤ እሱም ሥራውን ተወ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 የሰጠው ፍርድ ሁለት ፊት ነበረው፦ እስከ ሰማይ የሚለው አስተሳሰብ በዘመናዊው ዓለም ቦታ የለውም፣ ሰማዩ የሕዝብ አውራ ጎዳና ነው፤ ሆኖም እንዲህ ዝቅ ብሎ መብረር መሬቱን እንደመውሰድ ስለሚቆጠር ካሳ ይገባዋል።

(የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ጎረቤትን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅና በንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ማወክን ይከለክላል። ለወፍጮ ቤትና ለጭፈራ ቤት የሚጠቀስ አንቀጽ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ቢጠቀስ ፍርድ ቤቱ ምን ይል ይሆን እያልሁ አስባለሁ።)

ካሳውን ማን ይክፈል? በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከፋዩ የኤርፖርቱ ባለቤት ነው አለ። ከዚያ በ1973 የበርባንክ ከተማ ጄቶች ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አንድ ሰዓት እንዳይነሱ ያወጣውን ደንብ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሻረው፤ በረራን የመቆጣጠር ሥልጣን የፌዴራሉ መንግሥት ነውና። ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የከተሞቹ ምሬት ይገባናል፦ ዕዳው የአንተ ነው፣ ትእዛዙ ግን የአንተ አይደለም። የቀረችው ቀዳዳ አንዲት ነበረች። የበርባንክ ኤርፖርት ያን ጊዜ የሎክሂድ ኩባንያ ነበር። ከተማው ራሱ ባለቤት ሲሆንስ? ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ አለፈው።

ሳንታ ሞኒካ በዚያች ቀዳዳ ገባ። የምሽት መነሻ እገዳ፣ የቅዳሜና እሑድ የማረፍና የመነሳት ልምምድ ክልከላ፣ የእያንዳንዱ በረራ ድምፅ ጣሪያ፣ በመጨረሻም ጄት ጨርሶ እንዳይገባ የሚል ደንብ አወጣ። በ1979 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሌላውን ሁሉ አጽንቶ የጄቱን እገዳ ብቻ ጣለ። ምክንያቱ ብልህ ነበር፦ አንዳንድ አዳዲስ ጄቶች ከተፈቀዱት ባለ ፕሮፔለሮች የበለጠ አይጮሁም። ድምፅ ነው የምጠላው የሚል ከተማ ድምፁን ይለካ እንጂ የሞተሩን ዓይነት አይለይ።

በ1984 ከተማውና አቪዬሽን አስተዳደሩ ታረቁ። ከተማው ኤርፖርቱን እስከ 2015 ክፍት ሊያደርግ ተስማማ፤ በምላሹ የእያንዳንዱ በረራ ድምፅ ከ95 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወሰነ። ማይክሮፎኖች ተተከሉ፤ ከልክ ያለፈ አብራሪ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ከደገመ ገንዘብ ይከፍላል፣ ካላረፈ ይታገዳል። ወደ ባሕሩ የሚነሱ ትንንሽ አውሮፕላኖችም እንደተነሱ በትንሹ ወደ ግራ ታጥፈው በፔንማር ጎልፍ ሜዳ ላይ እንዲያልፉ ይጠየቃሉ። ሣሩ አይማረርም። ግን የጎልፍ ሜዳው ያለው ቬኒስ በተባለው ሰፈር ውስጥ፣ በሎስ አንጀለስ ክልል ነው፤ በሜዳው ዙሪያ የሚኖሩት ሰዎች በሳንታ ሞኒካ ምርጫ አይመርጡም። የድምፅ ቅነሳ የሚባለው ብዙ ጊዜ ድምፁን አያጠፋውም፤ መምረጥ ወደማይችል ጎረቤት ይገፋዋል።

ከዚያ ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ በሩን ዘጋው። አዲስ ገደብ የሚፈልግ ኤርፖርት ረጅም ጥናት አቅርቦ ፈቃድ ማግኘት ግድ ሆነበት፤ ቀድሞ የነበሩት ገደቦች ግን አልተነኩም። ለዚህ ነው የሳንታ ሞኒካ 95 ዴሲቤል የተረፈው። ያው የበርባንክ ኤርፖርት በአዲሱ መንገድ የምሽት እገዳ ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ደክሞ፣ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ያህል አፍስሶ፣ በ2009 ተከለከለ።

የገንዘቡ ገመድ

አሁን ወደ ምዕራፉ ልብ ደርሰናል። እኔ እንደሚመስለኝ ትንሽ ኤርፖርትን በተመለከተ ነዋሪ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ "ስንት ዴሲቤል ነው?" ሳይሆን "ከማን ገንዘብ ወስደናል?" የሚለው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለኤርፖርቶች ማኮብኮቢያ ማደሻና አጥር ማጠሪያ ድጎማ ይሰጣል፤ ድጎማው ግን ግዴታ አለው። ከተማው ገንዘቡን ከወሰደበት ቀን ጀምሮ በአብዛኛው ለ20 ዓመት ኤርፖርቱን ክፍት ለማድረግና ማንኛውንም ዓይነት አውሮፕላን ያለ አድልዎ ለማስተናገድ ይፈርማል።

ሳንታ ሞኒካ በ1994 ድጎማ ወሰደ። የ20 ዓመቱ ግዴታ በ2014 ያልቃል ብሎ ነዋሪው ቀን ይቆጥር ነበር። ነገር ግን በ2003 በዚያው ድጎማ ላይ 240 ሺህ ዶላር ያህል ተጨምሮ ነበርና አቪዬሽን አስተዳደሩ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል፣ ግዴታው እስከ 2023 ነው አለ። በሚሊዮን የሚገመት ቪላ በተደረደረበት ከተማ የአንድ መኝታ ቤት ዋጋ የማይሆን ገንዘብ ዘጠኝ ዓመት አሳሰረ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ይህ ነው። በዚህም አላበቃም፤ ጦርነቱ ሲያልቅ የፌዴራሉ መንግሥት ተከራይቶት የነበረውን ሜዳ ሲመልስ በ1948 የተፈረመው ሰነድ ለዘላለም ኤርፖርት ሆኖ እንዲቆይ ያስገድዳል የሚል ክርክርም ተነሳ።

ከተማው ሌላ መንገድም ሞክሯል። በ2008 ለማረፍ በከፍተኛ ፍጥነት የሚመጡ ጄቶችን ከለከለ፤ ምክንያቱ አሁን ድምፅ ሳይሆን ደኅንነት ነበር። ማኮብኮቢያውን ስቶ የሚያልፍ ጄት የሚያቆመው ባዶ ሜዳ በጫፉ የለም፤ ያለው መንገድና ቤት ነው። ክርክሩ ለእኔ አሳማኝ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2011 ለአቪዬሽን አስተዳደሩ ፈረደ፤ ምክንያቱም ያው የድጎማው ውል ነበር።

በ2014 ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ሄደ። ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች በአንድ ምርጫ ቀረቡ። ኤርፖርቱን ያለ ሕዝብ ድምፅ መዝጋት አይቻልም የሚለው ወደቀ፤ የምክር ቤቱን ሥልጣን የሚያጸናውና ኤርፖርቱ ሲዘጋ መሬቱ ለመናፈሻና ለመዝናኛ ብቻ እንዲውል፣ ሌላ ነገር የሚፈልግ ሕዝቡን ያስፈቅድ የሚለው አለፈ። በጃንዋሪ 2017 ምክር ቤቱ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ ከዋሽንግተን ጋር ተስማማ፦ ኤርፖርቱ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2028 ይቆያል፣ ከዚያ ከተማው መዝጋት ይችላል፤ እስከዚያው ግን ማኮብኮቢያውን ማሳጠር ይችላል።

ኤርፖርቶች ሁሉ ማኮብኮቢያ ለማስረዘም በሚለምኑበት ዓለም አንዱ በገዛ እጁ አሳጠረ። በዲሴምበር 2017 ማኮብኮቢያው ከ1,516 ሜትር ወደ 1,067 ሜትር ወረደ። ይህ ለምን ከድምፅ ጣሪያ የበለጠ እንደሠራ ለማየት አንድ ደንብ ይበቃል። ለኪራይ የሚበር ጄት በአብዛኛው ከማኮብኮቢያው ርዝመት በ60 በመቶው ውስጥ መቆም መቻል አለበት፤ ከ1,067 ሜትር ይህ 640 ሜትር ነው። ብዙዎቹ የኪራይ ጄቶች በዚህ ርቀት አይቆሙም፤ የሚቆሙትም ሩቅ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልተው መነሳት ይቸግራቸዋል። የጄቱ ቁጥር በእጅጉ ወደቀ። ማንም አልተከለከለም፤ አስፋልቱ አጠረ እንጂ። ባለ ፕሮፔለሮቹ ግን ቀሩ፤ እነሱ የሚያነዱት ነዳጅ እርሳስ ያለበት ስለሆነ የጎረቤቱ አቤቱታ ከጆሮ ወደ ልጆች ጤና ተሻገረ።

ሌሎች ከተሞች የገመዱን ጫፍ በተለያየ ቦታ አግኝተውታል። በኒው ዮርክ፣ ከማንሃተን በሄሊኮፕተር የሚመጡ ባለሀብቶች የሚያርፉባት ኢስት ሃምፕተን በ2015 የምሽት እገዳ ብታወጣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 አገደባት፤ የ1990ውን ሕግ ሥርዓት አልተከተልሽም ተባለች። ስለዚህ አዲስ ድጎማ ሳትወስድ የድሮው ግዴታ በሴፕቴምበር 2021 እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሙግቱ አልለቀቃትም። በብሪታንያ ደግሞ በ1987 የተከፈተው የለንደን ሲቲ ኤርፖርት ገደቡን የተሸከመው በግንባታ ፈቃዱ ላይ ነው። አውሮፕላኖች በተለመደው ሦስት ዲግሪ ሳይሆን በ5.5 ዲግሪ ቁልቁል ይመጣሉ፤ ከቅዳሜ እኩለ ቀን ጀምሮም ለ24 ሰዓት ኤርፖርቱ ይዘጋል። በ2024 መንግሥት በዓመት የሚስተናገደው መንገደኛ ከ6.5 ወደ 9 ሚሊዮን ከፍ እንዲል ሲፈቅድ የቅዳሜ ከሰዓቱን በረራ ግን ከለከለ። ለ37 ዓመት የቆየን ዕረፍት ከሰው መንጠቅ ለፖለቲከኛ ከባድ ነው፤ ያልነበረን ዕረፍት ማምጣት ደግሞ ሳንታ ሞኒካ እንዳየችው ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ለታቀደው አዲሱ ኤርፖርታችን የበረራ መስመሩንና የቤት ግንባታውን ክልል መወሰኛው ርካሽ ጊዜም ሪል ስቴቱ ከመድረሱ በፊት ያለው ነው።

በሳንታ ሞኒካ ሁሉም ነዋሪ በ2017ቱ ስምምነት አልተደሰተም፤ አንዳንዶች አሥራ አንድ ዓመት መጠበቅን እንደ ክህደት ቆጠሩት። አብራሪዎችና የኤርፖርቱ ነጋዴዎችም በበኩላቸው ለመሬት መንቀጥቀጥና ለእሳት አደጋ የሚያገለግል ሜዳ እየጠፋ ነው ይላሉ፤ በካሊፎርኒያ ይህ ተራ ስጋት አይደለም። ጄቶቹም አልጠፉም። ከተራራው ማዶ ያለው የቫን ናይስ ኤርፖርት 2,400 ሜትር ማኮብኮቢያ አለው፤ በዙሪያው የሚኖሩትም ሰዎች ስለ ጄት ድምፅ አቤት ማለት የጀመሩት ዛሬ አይደለም።

አሁን ክርክሩ ስለ መሬቱ ሆኗል። በ2014 የመረጠው ሕዝብ መናፈሻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ ግን የቤት ኪራይ የከተማው ዋና ራስ ምታት ሆነ፤ ከመሬቱ ከፊሉ ለቤት ይዋል የሚሉ ወገኖች ተነሥተዋል። መናፈሻ የሚሉት አረንጓዴ ቦታ በጠፋበት ከተማ 92 ሄክታር ዳግመኛ አይገኝም ይላሉ፤ ቤት የሚሉት ደግሞ መምህሩና ነርሷ ከሁለት ሰዓት መንገድ እየመጡ ነው ይላሉ። ቤት የሚሉት ከፈለጉ በምርጫው ውሳኔ መሠረት ጉዳዩን መልሰው ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ አለባቸው።